የአሠሪው ኅሊና

ሰው ከሰው ጋራ በሚኖርበት በዚህ ዓለም ከባልና ከሚስት፣ ከወላጅና ከልጅ ቀጥሎ ብዙውን ሕዝብ አስተሳስሮ የሚያኖረው የአሠሪና የሠራተኛ ግንኙነት ነው። አሠሪው ገንዘቡን ይሰጣል፤ ሠራተኛው ጉልበቱንና ቀኑን ይሰጣል። የወጣ ገንዘብ ተሠርቶ ይተካል፤ ያለፈ ቀን ግን በምንም ዋጋ አይመለስም። የሠራተኛው ዋጋ በቋንቋችን ደመወዝ መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደምና ወዝ ማለት ነው ተብሎ ይተረጎማልና። እንግዲህ ደምና ወዝ በየወሩ በገንዘብ የሚለወጥበት ነገር በምን ሥርዐት እንደሚመራ ማሰብ ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ነው። ለ38 ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ታሪክ አስተማርሁ። በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላ ግን አንድ የግል ትምህርት ቤት የሠራተኞቹን ጉዳይ እንድይዝለት ጠየቀኝና ተቀበልሁ። ይህ ሥራ ዱሮ የሠራተኛ አስተዳደር ይባል ነበር፤ የፈረንጅ ቃል የሚወዱት ፐርሶኔል ይሉት ነበር፤ የዛሬ ልጆች ደግሞ የሰው ሀብት ይሉታል። ስሙ ቢለዋወጥም በጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ጥያቄ ያው ነው። አንዱ አስተማሪ ሚስት ሊያገባ ነውና ስንት ቀን ይሰጠኛል ብሎ ይመጣል። አንዷ የጽዳት ሠራተኛ ወልጄ ስመለስ ቦታዬን አገኘዋለሁ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ወንድሙ የሞተበት ለሐዘን የቀረበትን ቀን ከደመወዜ ትቆርጡብኛላችሁ ወይ ይላል። ሌላው የሙከራ ጊዜዬ አልፎ ሳለ ስለ ምን ቋሚ አልተባልሁም ብሎ ያጉረመርማል። ለቆ የሚሄደውም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይለምናል።

እነዚህ ነገሮች ከሩቅ ሲያዩአቸው ትንንሽ ይመስላሉ። ለጠያቂው ግን አንዱም ትንሽ አይደለም። በአንድ ቀን ፈቃድ ውስጥ የእናት ቀብር አለ፤ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ የሚቀጥለው ዓመት እንጀራ አለ። እኔም ሕፃናትን ያስተዳደረ ሰው ዐዋቂዎችን ማስተዳደር አያቅተውም ብዬ ገብቼ ነበርና፣ አንድ ወር ሳይሞላኝ አለማወቄን ዐወቅሁ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የበረኛው ጥያቄ ነው። እኒህ ሰው ቀድሞ ወታደር ስለ ነበሩ ሁላችንም ባሻ እንላቸዋለን። አንድ ቀን ቆባቸውን አውልቀው ገቡና «መምህር፣ ይህ የዓመት ፈቃድ የሚባለው ነገር ለእኛም ይሆናል ወይ?» አሉኝ። ከዚያ በፊት በሌላ ድርጅት ስድስት ዓመት ሲጠብቁ አንድም ቀን ፈቃድ ወስደው አያውቁም። ፈቃድ ማለት የተማረ ሰው የሚያገኘው ስጦታ ይመስላቸው ነበር። ሕጉ በዚያ ሁሉ ዘመን ነበረ፤ በነጋሪት ጋዜጣም ታትሞ ወጥቶ ነበር። ለእሳቸው ግን እንዳልነበረ ያህል ነው፤ የነገራቸው ሰው አልነበረምና። በዓመቱ መጀመሪያ የሚገባቸው 16 የሥራ ቀን መሆኑን ስነግራቸው አመስግነውኝ ሊስሙኝ ተነሡ። እኔም ያላደረግሁትን ደግነት እንዳደረግሁ ሆኜ መመስገኔ አሳፈረኝ። ሰው በገዛ መብቱ ሰውን የሚያመሰግን ከሆነ፣ ከዚያ ቦታ ሕጉ ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዐዋጆቹን አንድ በአንድ ማንበብ ያዝሁ። የታሪክ አስተማሪ ነኝና ያለውን ሕግ ማወቅ አልበቃኝም፤ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰም ለማወቅ ፈለግሁ። ያገኘሁትንም ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ እናገራለሁ።

በጥንቱ የአገራችን አኗኗር ደመወዝ ተቆርጦለት፣ ሰዓት ተወስኖለት የሚሠራ ሰው ጥቂት ነበር። የነበረው ጌታና ሎሌ ነው። ሎሌው ለጌታው ያድራል፤ ጌታው ቀለብና ልብስ ይሰጠዋል። ከፍ ያለ አገልግሎት ያለው ሰው መሬት ለማደሪያ ይሰጠዋል፤ በቤተ መንግሥት ያለውም ድርጎ ይሰፈርለታል። ወደዚህ ሁሉ የሚገባበት በር ደጅ ጥናት ነው። ሹመት ፈላጊው ማለዳ ከጌታው ደጅ ይቆማል፤ ሲወጣ እጅ ይነሣል፤ ሲገባ እጅ ይነሣል፤ ወር ያልፋል፣ ዓመትም ያልፋል። አንድ ቀን የጌታው ዐይን ያረፈበት እንደሆነ እንጀራ አገኘ፤ ያላረፈበት እንደሆነ ሽበቱ በደጅ ያበቅላል።

ይህ ሥርዐት ሁለመናው ክፉ ነበረ ማለት እውነትን መሸሸግ ይሆናል። ደግ ጌታ ሎሌውን ይድራል፤ ሲታመም ያስታምማል፤ ሲሞት በወግ ያስቀብራል። ጉድለቱ ልክ የሌለው መሆኑ ነበር። የጌታው ፊት ሲፈካ ሎሌው ይጠግባል፤ ሲጠቁር ይራባል። የሚገባው ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይበት ወረቀት የለውም። ቢበደልም ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ ይተወዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ክፉ ምሳሌም የተወለደው ከዚሁ ነው፤ የሚገባውን ልክ የማያውቅ ሹም የእጁ ርዝመት ልኩ ይሆናልና።

ከሎሌው በታች ደግሞ ባሪያ ነበረ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ የባርነት ስም በሕግ ፊት ፈጽሞ እንዲሻር የተደነገገው ግን ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። ይህ ዘመን ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ አያቶቻችን የኖሩበት ነው።

መጽሐፍ ግን ከጥንት ጀምሮ ዝም አላለም። የሙሴ ሕግ የቀን ሠራተኛ ዋጋ በአሠሪው እጅ ሳያድር ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ያዛል። ሐዋርያው ያዕቆብም የታጨደው እርሻ ዋጋ ተነፍጎ ሲቀር ራሱ ዋጋው እንደሚጮኽ ጽፏል። እነዚህን ቃላት በየሰንበቱ የሰሙ ጌቶች ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን ከመስማትና ከማድረግ መካከል ያለው መንገድ ረጅም ነው።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለዚህ ነገር መሠረት የሚሆን ሁለት ሥራ ሠሩ። አንደኛው ሚኒስትሮችን ሾመው የመንግሥቱን ሥራ በየክፍሉ ማደላደላቸው ነው፤ ይህን ሁሉም ያወሳዋል። ሁለተኛው ግን ብዙ አይወሳም። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ ስለ ሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። በዚያን ዘመን በእጁ የሚሠራ ሰው የተናቀ ነበር፤ ያለ ማረሻው የማያርሰው ገበሬ እንኳ ማረሻ ሠሪውን ቡዳ ይለው ነበር። ዐዋጁ ስድቡን ከሕዝቡ አፍ ፈጽሞ አላጠፋውም። ነገር ግን የሠራተኛ ክብር የመንግሥት ጉዳይ እንደሆነ አስታወቀ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅም ከአሠሪው ግዴታዎች አንዱ የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር መጠበቅ እንደሆነ ይናገራል። በሁለቱ መካከል 111 ዓመት አለ፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ከደመወዝ በፊት ክብር ይቀድማል።

የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ሌላ እንግዳ ነገር ይዞ መጣ፤ እርሱም ሰዓት ነው። ባቡር ጌታው እስኪነሣ አይጠብቅም። ስለዚህ በሰዓት ገብቶ በሰዓት የሚወጣ፣ ወሩ ሲያልቅ ስሙ ከመዝገብ ተጠርቶ ብሩን የሚቀበል ሠራተኛ በአገራችን እየበዛ ሄደ። ይህ ሠራተኛ ሎሌ አይደለም፤ ጌታም የለውም፤ ያለው አለቃ ነው። ጌታ ሰውየውን ሁለመናውን ይይዘዋል፤ አለቃ ግን የያዘው ሰዓቱን ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል እንዳይመስለን፤ አንድ ዘመን ከሌላ ዘመን የሚለይበት ነው።

ይህን ልዩነት እኔ ራሴ በልጅነቴ በዐይኔ አይቼዋለሁ። የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በየቅዳሜው ከቀትር በኋላ ከዋርካው ሥር ጠረጴዛ ይወጣል፤ በጠረጴዛው ላይ ሰፊ መዝገብ ይዘረጋል። አትክልተኛው፣ ወጥ ቤቱ፣ እንጨት ፈላጩ ሁሉ እያንዳንዱ በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል። ገንዘቡ በፊቱ ተቆጥሮ ይሰጠዋል፤ እርሱም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ በመዝገቡ ላይ ያትማል። በሰፈሩ ስድብ እንጂ ስም ያልነበረው እንጨት ፈላጭ በዚያች ሰዓት ከነአባቱ ስም ሲጠራ ትከሻው ቀና ሲል አይ ነበር። ሚሲዮናውያኑም ጉድለት አልነበረባቸውም አልልም፤ ሽበት ያወጣውን ሰው እንደ ሕፃን ልጅ የሚያዝዙ ነበሩባቸው። የመዝገቡ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም። ሰውን በመዝገብ መጻፍ ማክበር እንደሆነ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ዘመን መንግሥትም መጻፍ ጀምሮ ነበር። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ቦታ በደመወዝ የሚሠራበት ዘመን መምጣቱ ታየ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጽ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የመረጠውን ሥራ ለመሥራትና ለዚሁ ማኅበር ለማቋቋም መብት እንዳለው ተናገረ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ታውጆ ስለ ሥራ ውል ሰፊ ክፍል ያዘ። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥርና ዕድገት የሚቈጣጠር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ዐላማውም ሥራ በደጅ ጥናት መሆኑ ቀርቶ በችሎታ እንዲሆን ነበር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የአሠሪና የሠራተኛን ጉዳይ የሚወስነው ዐዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። ከዚያም በኋላ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሕጉ ተለወጠ፤ በ1968፣ በ1985፣ በ1996፣ በመጨረሻም በ2011 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 1156 ወጣ።

እነዚህን ዐዋጆች በተራ ላነበበ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። የዘመኑ ሐሳብ ቢለያይም በየጊዜው ከጌታው ፊት እየተወሰደ ወደ ወረቀት የሚገባው ነገር እየበዛ ሄዷል። ሥራው በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት 24 ሰዓት የማይቋረጥ ዕረፍት አለ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ቀድሞ 90 ቀን የነበረው ፈቃዷ 120 ቀን ሆኗል፤ 30ው ከመውለዷ በፊት፣ 90ው ከወለደች በኋላ ነው። ለጋብቻና ለቅርብ ዘመድ ሐዘን ከነደመወዙ 3 የሥራ ቀን ይሰጣል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። ከሠራተኛው ደመወዝ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አይቆረጥም። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው ፍሬ ነገሩን በ15 ቀን ውስጥ ጽፎ ለሠራተኛው ይሰጣል። ሠራተኛው ሲለቅም የሠራውን ሥራ ዐይነት፣ የቆየበትን ዘመንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ዋጋ ይጻፍለታል።

የዚህ ወረቀት ጥቅሙ ምንድር ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር የደረሰብኝን እነግረዋለሁ። እነዚያው ባሻ በአንድ ወቅት ማለዳ ማርፈድ አበዙ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ተቈጥተው «እስከ ነገ አሰናብታቸው» አሉኝ። እኔም ሕጉን አወጣሁና በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ፣ ያውም በጽሑፍ እየተነገረው፣ ካልሆነ በቀር ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት እንደማይቻል አሳየኋቸው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ ባሻን አስጠራኋቸው፤ ለመጻፍም ምክንያቱን መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። ባለቤታቸው ታመው ኖሮ በየማለዳው ደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሷቸዋል። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ስለ ሚስታቸው ሕመም በአለቃ ፊት መናገር ነውር መስሏቸው ነበር። የሌሊት ተራ ሰጠናቸው፤ ማርፈዱም ቀረ። እንግዲህ ሕጉ ራሱ አልራራላቸውም፤ ወረቀት ርኅራኄ የለውም። ሕጉ ያደረገው ቁጣው እስኪበርድ ድረስ እኛን ማዘግየትና የሚጠየቀውን እንድንጠይቅ ማስገደድ ነው። ለብዙ ሰው መዳኛ የሚሆነውም ይህች የምትዘገየው ጊዜ ናት።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ የሚያስመሰግነኝ ይመስላል። እውነተኛው ነገር ግን ገና ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም እርሱ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን ሳነብ 2601ኛው አንቀጽ ላይ ደረስሁ። ይህ አንቀጽ ከአሠሪው ጋራ በአንድ ቤት ስለሚኖር የቤት ሠራተኛ የሚናገር ሲሆን፣ የሥራውን ሁኔታ የሚወስነው የአሠሪው ኅሊና ነው ይላል። ደግሜ አነበብሁት። በዚያ ሁሉ ሰፊ ሕግ ውስጥ ስለ ቀንና ስለ ሰዓት፣ ስለ ካሣና ስለ ማስጠንቀቂያ በቁጥር የተጻፈ ነገር አለ፤ ከዚህ ላይ ሲደርስ ግን ሕጉ ከቤታችን ደጃፍ ቆሞ ወደ ውስጥ ሳይገባ ቀረ። በ2011 ዓ.ም. የወጣውም ዐዋጅ ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት ከወሰኑ ውጭ አድርጎ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ስለዚህ ለፋብሪካው ሠራተኛ ቁጥር ተጻፈለት፤ ቤታችን ውስጥ ላለችው ግን ኅሊናችን ተጻፈላት።

ኅሊና ትልቅ ዳኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ከሳሽ ካልቀረበለት ችሎት አይቀመጥም። በቤት ውስጥ ያለች ሠራተኛ ደግሞ መክሰስ አይሆንላትም፤ የምታድረው ከተከሳሹ ጣራ ሥር ነውና።

በእኛ ቤት አንዲት ልጅ ነበረች። ዘመዷ ከገጠር ይዟት ስትመጣ ዕድሜዋ 17 ዓመት ገደማ ነው። ቀን ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች ብዬ ለዘመዷ ቃል የሰጠሁት እኔ ራሴ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ቤቱን እስክትለምድ ተባለ። በሁለተኛው ዓመት እናቴ ታመው እኛ ዘንድ መጡና ማታ ማታ ሰው አስፈለገ። በሦስተኛው ዓመት ነገሩን ያነሣው የለም። እርሷም አላነሣችውም። እኔ በሳሎን ተቀምጬ የሰው ልጆችን ፈተና ሳርም፣ እርሷ በጓዳ ዕቃ ታጥብ ነበር። በመካከላችን የነበረው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው።

በ2014 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ቁርሴን አቅርባ እንደ ቆመች «ጋሼ፣ የጽዳት ሥራ አገኘሁ፤ የሥራ ልምድ የሚባል ወረቀት አምጪ ተባልኩ፤ ይጽፉልኛል?» አለችኝ። እኔም እንዴታ ብዬ ወረቀትና ብዕር አነሣሁ፤ በትምህርት ቤቱ ለስንቱ ጽፌያለሁና ሥራው የአምስት ደቂቃ ነበር። ስሟን ጻፍሁ። የአባቷን ስም ለመጻፍ ስል ብዕሬ ቆመ። አላውቀውም። በቤቴ ዘጠኝ ዓመት ስትኖር የአባቷን ስም ጠይቄያት አላውቅም። ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ፤ ጻፍሁ። ሥራ የጀመረችበትን ቀን ለመጻፍ ስል ደግሞ ቆምሁ። እሱንም አላውቀውም። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ታናሹ ልጃችን አንደኛ ክፍል የገባ ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ ነው» አለች። በልጄ ትምህርት ቆጥረን 2005 ዓ.ም. መሆኑን አገኘን።

የዚያን ዕለት ወደ ሥራ አልሄድሁም። በትምህርት ቤት የለመድሁትን ሒሳብ በቤቴ ሠራሁ። በዛሬው ሕግ ዝቅተኛ ልክ በዓመት 16 ቀን ብቻ ቢታሰብላት በዘጠኝ ዓመት 144 ቀን ፈቃድ ነው፤ አንዱንም አልወሰደችም። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ቢታሰብላት 468 ቀን ነው፤ በእሑድ ቀን እኛ ከአምልኮ ስንመለስ ምሳ ቀርቦ ይጠብቀን ነበር፤ ማን እንዳቀረበው ግን አስቤው አላውቅም። የስንብት ክፍያው ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀሩት ስምንት ዓመታት የዚያ ሲሶ በየዓመቱ ሲጨመር የ110 ቀን ደመወዝ ይሆናል። ይህን የ110 ቀን ገንዘብ ሰጠኋት። ቸርነቴን ለማውሳት አይደለም የምጽፈው፤ ዕዳ መክፈል ቸርነት አይባልም። የቀሩትን ቀኖች ደግሞ ልከፍላቸው አልችልም፤ አልፈዋልና።

ደብዳቤውን ፈርሜ ሰጠኋትና «አንብቢው፤ የተሳሳተ ነገር ካለ እናርመዋለን» አልኋት። ወረቀቱን ተቀብላ ጥቂት አየችውና መልሳ ሰጠችኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያንብቡልኝ» አለች።

አነበብሁላት። የአባቷ ስም ካለበት ቦታ ስደርስ ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ ደግሜ አነበብሁላት። ለ38 ዓመት ሳስተምር ስንት ሺህ ልጅ በፊቴ እንዳለፈ አላውቅም። በቤቴ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የኖረችው ግን ፊደል ሳትቆጥር ወጣች።

እኛ ክፉ ሰዎች አልነበርንም። ከምንበላው ትበላ ነበር፤ እጃችንን አንሥተንባት አናውቅም፤ ስትታመም ሐኪም ቤት ወስደናታል፤ ልብስም ገዝተንላታል። ለራሳችን የምንነግረው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ ምንድር ነው? ቀለብና ልብስ፣ ማስታመምና ደግ ፊት ነው። በክፍል ውስጥ ቆሜ ድሮ ቀረ እያልሁ ያስተማርሁት የጌታና የሎሌ ሥርዐት በገዛ ጓዳዬ ይኖር ነበር። በትምህርት ቤቱ ለባሻ ደግ የሆንሁት ሕግ ስለ ነበረ ነው። በቤቴ ሕግ ሳይኖር የሚኖረኝን ደግነት ያየሁት በዚያች ማለዳ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወደ ቤታችን ለገባችው ሠራተኛ ደብተር አወጣን። የገባችበት ቀን፣ ስሟ ከነአባቷ ስም፣ ደመወዟ፣ እሑድ የዕረፍት ቀኗ መሆኑ፣ የማታ ትምህርት የምትሄድበት ሰዓትና በዓመት ወደ አገሯ የምትሄድበት ቀን ተጽፏል። እርሷም የሚጠበቅባት ሁሉ፣ ለመልቀቅ ስትፈልግ አስቀድማ መናገርዋም ጭምር ተጽፏል፤ ግዴታ የአንድ ወገን ብቻ አይደለምና። ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በእርሷ ዘንድ ይኖራል። ከመፈረሟ በፊትም ተነበበላት። አሁን ግን ራሷ ታነበዋለች።

ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ በቤት ውስጥ ወረቀት መጻፍ ፍቅርን ያቀዘቅዛል፤ እንደ ልጃችን የምናያትን በውል ማሰር ነውር ነው ይሉኛል። ለእነዚህ የምመልሰው አጭር ነው። ልጃችን ብትሆን ኖሮ ትምህርት ቤት እናስገባት ነበር። ልጅ ካልሆነች ደግሞ ሠራተኛ ናትና የሠራተኛ ልክ ይገባታል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ እንጂ ለሥራው ሲሆን ሠራተኛ፣ ለደመወዙ ሲሆን ልጅ ማድረግ ፍቅር አይባልም። ደግሞም የጠራ ሒሳብ ፍቅርን አያጠፋም፤ ፍቅርን የሚያጠፋው በሆድ ያደረ ሒሳብ ነው።

ሌሎች ደግሞ ሠራተኞችም ይበድላሉ፤ ሳይናገሩ ጥለው ይሄዳሉ፤ ዕቃ ይዘው ይጠፋሉ ይላሉ። ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሳይናገር የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ቢናገር የሚሰማው ያጣ ሰው ነው። የሚሰርቅም ቢኖር ዳኛ አለ። የአንዷ ጥፋት የሌላዋን የዕረፍት ቀን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም።

መንግሥት ሕጉን ከደጃፋችን አሳልፎ ወደ ውስጥ የሚያስገባበት ቀን እንዲመጣ እመኛለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን በ1952 ዓ.ም. የታወጀው ሕግ የተወልን አደራ በእጃችን ነው። ኅሊናችን ይበቃል ብሎ አምኖናልና እምነቱን እንዳናሳፍር ያስፈልጋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በመሥሪያ ቤትህ ሰው ከሥርህ ካለ የሚገባውን ሳይጠይቅህ ንገረው፤ በጽሑፍም ስጠው። ዛሬ ማታ ወደ ቤትህ ስትገባ ደግሞ በሩን የምትከፍትልህን የአባቷን ስም ታውቅ እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። የማታውቀው ከሆነ አትፈር፤ ጠይቃትና ጻፈው። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ብዙ እንደሆነ አንተው ራስህ ታገኘዋለህ።